ሰንሰለቱን የሚበጥሰው ማነው? (ስለ ነርሶች የማይክሮባዮሎጂ ትምህርት)

በማኅበራችን አባላት መካከል የነርስነት ሙያ የሚማሩ እኅቶችና ወንድሞች ቁጥር ቀላል አይደለም። ከእነሱ ጋር በምንወያይበት ጊዜ ሁሉ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ቅሬታ አለ። ይኸውም፥ «ማይክሮባዮሎጂ የሚባለው ትምህርት ለነርስ ምን ይፈይድላታል? የባክቴሪያውን የላቲን ስም ሸምድደን ፈተናውን ካለፍን በኋላ ዋርድ ስንገባ የሚጠይቀን የለም፤ የሚፈለግብን መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ፣ ትኩሳት መለካት ነው» የሚል ነው። ከእኛው ከሕክምና ተማሪዎች ወገንም ይህንኑ አባባል በሌላ አቅጣጫ የሚደግፉ አልታጡም። «ነርስ ሥራዋን ትወቅ እንጂ ሳይንሱ የሐኪም ነው» ይላሉ።

ሁለቱም አባባሎች መልስ ይገባቸዋል። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ቅሬታ ግማሽ እውነት አለው። ሁለተኛው ግን ከመሠረቱ የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ሕይወት የሚያስከፍል ነው።

ነገሩን ከሥራው እንነሣ። ሐኪም በሽተኛውን በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ጎብኝቶ ይሄዳል። ነርስ ግን ከአልጋው አጠገብ ሌት ተቀን አትጠፋም። ጉልኮሱን የምትሰካው፣ የሽንት ቱቦውን የምትይዘው፣ ቁስሉን ፈትታ መልሳ የምታስረው፣ የአንዱን በሽተኛ አልጋ አንጥፋ ወደ ሁለተኛው የምትሻገረው እሷ ናት። ይህም ማለት ጀርም ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በሚጓዝበት መንገድ ሁሉ ላይ የቆመችው ነርስ ናት ማለት ነው። ወይ መንገዱን ትዘጋበታለች፥ ወይ ሳታውቀው ታሻግረዋለች። ስለሆነም ማይክሮባዮሎጂን ከሐኪሙ ይልቅ በየሰዓቱ የምትሠራበት ነርስ ሆና ሳለ፥ «ሳይንሱ የሐኪም ነው» ማለት ለዘበኛው ሌባው ምን እንደሚመስል አይነገረው እንደ ማለት ይቆጠራል።

ጉዳዩ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ሪፖርት መሠረት፥ ለአስቸኳይ ሕክምና ሆስፒታል ከሚተኙ 100 በሽተኞች መካከል በበለጸጉ አገሮች 7ቱ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15ቱ፥ ሲገቡ ያልነበረባቸው ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ይይዛቸዋል። ሊድን የመጣ ሰው ሌላ በሽታ ተሸክሞ ይወጣል፤ ወይም ጭራሹን ሳይወጣ ይቀራል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን መከላከል የሚቻለው በውድ መሣሪያ ሳይሆን በንጹሕ እጅና በተገራ አሠራር ነው።

1. መሸምደድና ማወቅ አንድ አይደሉም

የነርስ ተማሪዎች ቅሬታ ግማሽ እውነት አለው ያልነው በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ ቦታ ለነርሶች የሚሰጠው ማይክሮባዮሎጂ ለሐኪሞች ከሚሰጠው ላይ ገጹ ተቀንሶ የቀረበ ቅጂ ነው። የቀነሰው ምክንያቱ ሲሆን የቀረው ስሙ ነው። ተማሪዋ የስሞች ዝርዝር ታጠናለች፤ ዋርድ ስትገባ ግን ስሙ ከበር እጀታው፣ ከአልጋ ልብሱ፣ ከእጇ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የነገራት የለም።

እኛ መጀመሪያ መታወቅ አለባቸው የምንላቸው ነገሮች ጥቂቶች ናቸው። አንደኛው መጠን ነው። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር አምስት መቶኛ እጅ ገደማ ነው። ብዙዎቹ ቫይረሶች ደግሞ ከእሱም ብዙ እጥፍ ያንሳሉ። ስለዚህ «እጄ ንጹሕ ይመስላል» የሚለው አነጋገር ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ዓይን እዚህ ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ይኸው ባክቴሪያ ምግብና ሙቀት ከተመቸው በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ በ7 ሰዓት ውስጥ 21 ጊዜ ሲራባ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ማታ ሥራ የገባች ነርስ ከአንድ ተረኛ ወደ ሌላው እስክታስረክብ ድረስ፥ አንድ ቸል የተባለ የወተት ጡጦ ወይም የተከፈተ ጉልኮስ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ቁጥር መገመት ይቻላል።

ሦስተኛው የቃላት ልዩነት ነው። ጀርም በመሣሪያ ወይም በእጅ ላይ ማረፉ መበከል ነው። በሰውነት ላይ ወይም ውስጥ ሰፍሮ ጉዳት ሳያደርስ መኖሩ መስፈር ነው። ሰውነትን ጥሶ መራባት ሲጀምርና ሰውነት ሲታገለው ኢንፌክሽን ነው። ትግሉ በትኩሳት፣ በመግል፣ በሕመም ሲገለጽ በሽታ ይሆናል። ለምሳሌ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ከሦስት ጤነኛ ሰዎች በአንዱ ገደማ አፍንጫ ውስጥ ሰፍሮ ይኖራል። አፍንጫ ውስጥ ሳለ ጎረቤት ነው፤ በቀዶ ሕክምና ቁስል ውስጥ ሲገባ ግን ጠላት ነው። ይህን የተረዳች ነርስ አፍንጫዋን በነካ እጇ ቁስል አትነካም፤ ለምን እንደማትነካም ታውቃለች። «አይነካም» ብቻ የተባለች ግን ተቆጣጣሪው ዞር ሲል ትነካለች።

2. የሰንሰለቱ ስድስት ቀለበቶች

የኢንፌክሽን ትምህርት ሁሉ የሚጠቀለልበት አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም የኢንፌክሽን ሰንሰለት ይባላል። ስድስት ቀለበቶች አሉት፦ በሽታ አምጪው ጀርም፤ የሚኖርበት ማከማቻ፤ የሚወጣበት በር፤ የሚተላለፍበት መንገድ፤ የሚገባበት በር፤ በመጨረሻም ሊያዝ የሚችለው ሰው። ከስድስቱ አንዱ ከተበጠሰ በሽታው አይሻገርም። ስድስቱንም መበጠስ አያስፈልግም። አንዱ ይበቃል።

ይህን በአገራችን ምሳሌ እንየው። መንጋጋ ቆልፍ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራል። ማከማቻው ይኸው ነው። የሕፃኑ እትብት ባልጸዳ ምላጭ ሲቆረጥ፣ ወይም እበት ሲቀባበት መግቢያ በር ተከፈተለት ማለት ነው። አፈሩን ከአገራችን ልናስወግደው አንችልም። ነገር ግን ንጹሕ ምላጭና ንጹሕ እጅ የመግቢያውን በር ይዘጋሉ፤ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወቅት ስትከተብ ደግሞ የመከላከል ኃይሉ ወደ ሕፃኑ ስለሚተላለፍ የመጨረሻው ቀለበት ይበጠሳል። ኢትዮጵያ በ2017 የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ደረጃ መውረዱ የተረጋገጠላት በዚህ መንገድ ነው። ጀርሙ ዛሬም በአፈሩ ውስጥ አለ። ክትባቱና ንጽሕናው ቸል በተባሉ ቀን ይመለሳል።

ሕዝባችን ይህን ሐሳብ ከናካቴው አያውቀውም ማለት አይቻልም። በ1911 ዓ.ም. (1918 እ.ኤ.አ.) የሕዳር በሽታ የተባለው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ አገራችንን ከፈጀ ወዲህ በየዓመቱ ሕዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ሕዳር ሲታጠን ይባላል። ጢሱ የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ አይገድልም፤ ያ በሽታ የሚተላለፈው ከታመመው ሰው በሚወጣ እስትንፋስና ሳል ነው። ነገር ግን ልማዱ ውስጥ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ፦ በሽታ መምጫ መንገድ አለው፤ ሰውም ተባብሮ ሊከለክለው ይችላል የሚል። የተማረ ሰው ሥራ በዚህ ልማድ መሳቅ ሳይሆን ትክክለኛውን ቀለበት ማሳየት ነው።

በአንጻሩ ደግሞ መታረም ያለበት ልማድ አለ። «ነፋስ ይመታኛል» በማለት በአውቶቡስም፣ በቤትም፣ በሕሙማን ክፍልም መስኮት መዝጋት የብዙዎቻችን ባሕርይ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ግን የሚተላለፈው በአየር ነው። የታመመው ሰው ሲያስል የሚወጡት ደቃቅ ጠብታዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። ሮበርት ኮኽ የዚህን በሽታ ባክቴሪያ ማግኘቱን ያስታወቀው መጋቢት 24 ቀን 1882 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ140 ዓመት በላይ አልፎ ሳለ በየክፍሉ መስኮት የሚከፈተው አሁንም በጭቅጭቅ ነው። መስኮት መክፈት ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ነርሷ ለአስታማሚዎች በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት መቻሏን ነው። ለማስረዳት ደግሞ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

3. ከታሪክ የምንማረው

«ሳይንሱ የሐኪም ነው» ለሚሉት ጓደኞቻችን አንድ ታሪክ እናስታውሳቸው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። አንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ ሁለተኛው የአዋላጆች መማሪያ ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ በሐኪሞቹ ክፍል ከሚወልዱ 100 እናቶች በአማካይ 10 ያህሉ በአራስነት ትኩሳት ሲሞቱ፥ በአዋላጆቹ ክፍል የሚሞቱት 4 አይሞሉም ነበር። እናቶች ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይገቡ ተንበርክከው ይለምኑ ነበር። የተማሩት ሰዎች ያልገባቸው ነገር ለእነዚያ እናቶች ገብቷቸው ነበር።

በዚያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢግናዝ ዜምልቫይስ ምክንያቱን የደረሰበት በ1847 ነው። ያኮብ ኮሌችካ የተባለ የሥራ ባልደረባው አስከሬን ሲመረመር በተማሪ ቢላዋ ተወግቶ፥ አራሶቹን በሚገድለው ዓይነት ሕመም ሞተ። ዜምልቫይስ ነገሩን አገናኘ። ሐኪሞቹና የሕክምና ተማሪዎቹ ጠዋት አስከሬን ይከፍታሉ፤ ከዚያ በዚያው እጅ እናቶችን ይመረምራሉ። አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም። በዚያው ዓመት ማንም ሰው በክሎሪን ውሕድ እጁን ሳይታጠብ ምርመራ እንዳያደርግ አዘዘ። በ1848 በአንደኛው ክፍል የሚሞቱት ከ100 እናቶች 2 እንኳ አይሞሉም ነበር።

ልናሰምርበት የምንፈልገው ይህን ነው። ሞትን ተሸክመው ይዞሩ የነበሩት የእኛ ሙያ ሰዎች፣ በዕውቀት ደረጃ ከፍ ያሉት ነበሩ፤ ዝቅ ተደርገው የሚታዩት አዋላጆች ክፍል ደግሞ ከእነሱ ክፍል ይሻል ነበር። ጀርም የማዕረግ ልዩነት አያውቅም። ይህም ሁሉ ሆኖ ብዙዎቹ የዘመኑ ሐኪሞች «የእኛ እጅ ቆሻሻ ነው ወይ?» በማለት ተቆጥተው የዜምልቫይስን ሐሳብ አልተቀበሉም። እሱም በ1865 በአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ውስጥ ሞተ። ክብር እውነትን ሲያሸንፍ የሚከፍለው በሽተኛው ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከጎረቤታችን ነው። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ ወር 1976 ነበር። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘው የመጨረሻ ሰው ደግሞ በጥቅምት ወር 1977 በሶማልያ በመርካ ከተማ የተገኘው ዓሊ ማው ማሊን ነው። ማሊን የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሁለት ፈንጣጣ የያዛቸው ሕፃናት በመኪና ሲወሰዱ መንገድ ለማሳየት ለጥቂት ደቂቃዎች አብሯቸው ተቀመጠ፤ በዚያው ተያዘ። ሐኪምም ነርስም አልነበረም። ለጥቂት ደቂቃ ነበር። እንደሚገባ የተከተበም አልነበረም። ደግነቱ ዳነ፤ ያወቃቸው ሰዎች ሁሉ ተፈልገው ስለ ተከተቡ በሽታው ከእሱ አላለፈም። የፈንጣጣ ከዓለም መጥፋት በ1980 ታወጀ። ከዚህ የምንማረው፥ የኢንፌክሽን ትምህርት ከነርሶች አልፎ ለጽዳት ሠራተኛው፣ ለወጥ ቤቱ፣ ለሾፌሩ መድረስ እንዳለበት ነው። እነዚህን የምታስተምረው ደግሞ ነርሷ ናት።

ሦስተኛው ታሪክ አሁን ያለንበትን አካባቢ ይመለከታል። በ2012 በሳዑዲ ዓረቢያ የመካከለኛው ምሥራቅ የመተንፈሻ አካል ሕመም የሚባል አዲስ የኮሮና ቫይረስ ታወቀ፤ ከግመል ወደ ሰው እንደሚተላለፍም ተደረሰበት። በ2015 ከመካከለኛው ምሥራቅ ወደ ደቡብ ኮርያ የተመለሰ አንድ መንገደኛ በሽታው ሳይታወቅለት ከሆስፒታል ሆስፒታል ዞረ። ከዚያ ከአንድ ሰው ተነሥቶ በጠቅላላው 186 ሰዎች ተያዙ፤ 38ቱ ሞቱ። ከሞላ ጎደል ሁሉም የተያዙት በሆስፒታሎች ውስጥ ነበር፤ በተጨናነቀ የድንገተኛ ክፍል፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በተደራረቡ አልጋዎች፣ በቤተሰብ አስታማሚዎች በኩል። ደቡብ ኮርያ የመሣሪያ ድኻ አይደለችም። አንድ በሽተኛ በሦስት አስታማሚ ተከብቦ በሚተኛበት በእኛ አገር ተመሳሳይ ነገር ቢደርስ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

4. ምክንያቱን ያላወቀ ሥራውን ይስታል

«ነርስ ሥራዋን ትወቅ» የሚለው አባባል ሌላም ጉድለት አለው። ሥራው ራሱ ምክንያቱን ሳያውቁ በትክክል አይሠራም።

ለምሳሌ አልኮል ጥሩ ጀርም ገዳይ ነው። እጅ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለበት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በአልኮል ማሸት ይበቃል። ነገር ግን አንዳንድ ባክቴሪያዎች አደጋ ሲመጣባቸው እንደ ዘር ፍሬ ጠንካራ ቅርፊት ለብሰው ይተኛሉ፤ ይህም ስፖር ይባላል። አልኮል ስፖርን አይገድልም። ብርቱ ተቅማጥ የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል በዚህ ዓይነት ስለሚተላለፍ፥ እንዲህ ያለውን በሽተኛ የነካ እጅ በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጥቦ ስፖሩ ተጠርጎ መሄድ አለበት። ስፖር ምን እንደሆነ ያልተማረች ነርስ ይህን ልዩነት በምን ታውቃለች?

መሣሪያ መቀቀልም እንደዚሁ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ለመጠጥ ውሃ ይበቃል፤ የመንጋጋ ቆልፍን ስፖር ግን እርግጠኛ ሆኖ አይገድልም። ለዚህ የሚያስፈልገው በግፊት ኃይል ሙቀቱ 121 ዲግሪ የሚደርስ እንፋሎት ነው። ጊዜውም ተጠብቆ መሆን አለበት። «ፈልቷል» ማለትና «ከጀርም ነጻ ሆኗል» ማለት አንድ አይደሉም።

በረኪናም የራሱ ጠባይ አለው። ደም ወይም መግል ባለበት ላይ ቢፈስ ኃይሉን ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ይጨርሰዋል፤ ጀርሙ ይተርፋል። ስለዚህ የቆሸሸ መሣሪያ አስቀድሞ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ ነው በረኪናው። ጓንትም ቢሆን የእጅ መታጠብን አይተካም። አንድ ጓንት አጥልቃ ከአልጋ ወደ አልጋ የምትሄድ ነርስ የራሷን እጅ ትጠብቅ ይሆናል፤ በሽተኞቹን ግን አትጠብቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 ጀምሮ የሚያስተምራቸው የእጅ ማጽጃ አምስት ጊዜያት በቃል ሊያዙ የሚገባቸው ናቸው፦ በሽተኛን ከመንካት በፊት፤ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት፤ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ሊነካ ከቻለ በኋላ፤ በሽተኛን ከነኩ በኋላ፤ በበሽተኛው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ። እያንዳንዱ ሲመረመር ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት መበጠስ ነው። ሰንሰለቱን ያወቀ አምስቱን አይረሳም።

መድኃኒትንም በሚመለከት ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። በየሰፈሩ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን መዋጥ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል፣ ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት መግዛት የተለመደ ሆኗል። ማሳውን አርሞ ጠንካራውን አረም ብቻ እንደሚተው ገበሬ፥ ይህ አሠራር ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ፈጅቶ መድኃኒት የለመዱትን ያስፋፋል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ይህ እንደሚመጣ አስጠንቅቆ ነበር። በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሞቱት መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት መሆኑ በጥናት ተገምቷል። መድኃኒቱን በሰዓቱ የምትሰጠው፣ ለምርመራ የሚላከውን ደም ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የምትቀዳው፣ በሽተኛውን ስትሸኝ የምትመክረው ነርስ ናት።

በመጨረሻም የነርሷ የራሷ ሕይወት አለ። ያልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ደም በተበከለ መርፌ ቢወጋ የመያዝ ዕድሉ ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ለኤች. አይ. ቪ. ከ1,000 ወደ 3 ገደማ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ መርፌን መልሶ አለመክደን ይቻላል፤ ከተወጉ በኋላ ኤች. አይ. ቪ.ን የሚከላከል መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጀመር ይቻላል። እነዚህን የማታውቅ ተማሪ ወደ ዋርድ መላክ ያለ ጋሻ ወደ ጦር ሜዳ እንደ መላክ ነው።

5. ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«ውሃ በሌለበት ሆስፒታል ስለ እጅ መታጠብ ማስተማር ፌዝ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ችግሩ እውነት ነው፤ አንክደውም። ነገር ግን ውሃ ለመጠየቅም ዕውቀት ያስፈልጋል። ቧንቧው ሲደርቅ ምን ያህል እናቶችና ሕፃናት እንደሚጎዱ በቁጥር መዝግባ ለአስተዳደሩ የምታቀርብ ነርስ፥ ዝም ብላ ከምትታገሥ ነርስ የተሻለ ጥያቄ ታቀርባለች። አልኮል ከግሊሰሪን ጋር ተቀላቅሎ እዚያው መድኃኒት ቤት ሊዘጋጅ እንደሚችልም የምታውቀው የተማረችው ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፥ ኢንፌክሽኑን የማይቆጥር ሆስፒታልም መፍትሔ አያገኝም።

ሌሎች ደግሞ «ነርሷ ዕውቀት ቢኖራትም ሐኪሙን ደፍራ እጅህን ታጠብ አትለውም» ይላሉ። ይህ ከውሃው እጥረት የበለጠ ከባድ ችግር ነው፤ ምክንያቱም ያለው በእኛው ውስጥ ነው። ነገ ሐኪም የምንሆነው እኛ ነን። «ዶክተር፥ እጅዎን አልታጠቡም» ስንባል የምንቆጣ ከሆነ የቪየናን ሐኪሞች ስሕተት እያወቅን ልንደግመው ነው። «አመሰግናለሁ ሲስተር» ብሎ ወደ መታጠቢያው መሄድ ከማንም ክብር አይቀንስም። ይህን ዛሬ ተማሪ ሳለን ካልለመድነው ማዕረግ ከያዝን በኋላ አንለምደውም።

6. ምን ይደረግ?

የእኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ የማኅበራችን የነርስነትና የሕክምና ተማሪዎች አንድ የጋራ የጥናት ክበብ ያቋቁሙ። መምህርና ተማሪ ሳይባባሉ በየተራ ያቅርቡ። የሕክምና ተማሪው የባክቴሪያውን ጠባይ ሲያስረዳ፥ የነርስነት ተማሪዋ ያው ባክቴሪያ በዋርድ ውስጥ በየት በየት እንደሚያልፍ ታስረዳለች። ከሁለቱ ማን የበለጠ እንደሚማር ያኔ ይታያል።

ሁለተኛ፥ ክበቡ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎችም አባላት በሚችሏቸው ቋንቋዎች ትንሽ መጽሔት ያዘጋጅ። ትምህርታችንን በባዕድ ቋንቋ እንማራለን፤ በሽተኛው ግን በባዕድ ቋንቋ አይታመምም። «መስኮቱን ክፈቱት» ብሎ ምክንያቱን በእናት ቋንቋ ማስረዳት ያልቻለ ባለሙያ ዕውቀቱ ከደብተሩ አላለፈም። ባክቴሪያና ቫይረስ የሚሉትን ቃላት ሕዝቡ ለምዷቸዋል፤ በእነሱ መጨነቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ነገሩን በግልጽ ቋንቋ ማስረዳት ነው። ከተበ ከሚለው ግስ ክታብንም ክትባትንም ያወጣ ቋንቋ ይህን ለመግለጽ አያንሰውም።

ሦስተኛ፥ በዕረፍት ጊዜ ወደ አገር የሚመለሱ አባሎቻችን ይህንኑ መጽሔት ይዘው በየተወለዱበት አካባቢ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያነጋግሩ። ይህ ፕሮግራም በአገራችን ከተጀመረበት ከ2003 ወዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ክትባትንና ንጽሕናን ሲያስተምሩ ኖረዋል። እነሱን ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ከእነሱም ለመማር እንሂድ። አንዲት እናት ለምን ልጇን እንደማታስከትብ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ መምህር እዚህ የለንም።

ውድ እኅቶችና ወንድሞች፥ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተን እዚህ የተቀመጥነው ለስማችን የፊደል ቅጥያ ለማግኘት ብቻ አይደለም። የማይክሮባዮሎጂውን መጽሐፍ ለፈተና የምናነበው ከሆነ ከፈተናው ማግስት እንረሳዋለን። በጨለማ ዋርድ ውስጥ ለብቻዋ ሠላሳ በሽተኛ የምትጠብቀውን ነርስ አስበን የምናነበው ከሆነ ግን እያንዳንዱ ገጽ ሥራ ላይ ይውላል። ያቺ ነርስ ነገ ከእኛው መካከል አንዷ ናት። ሰንሰለቱን የምትበጥሰው እሷ ናት፤ መዶሻውን ማቀበል የሁላችንም ድርሻ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል!
ዕውቀት ለሰፊው ሕዝብ ጤንነት!